ሻለቃዋ ከዳቦ ቤት ወጣች

ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው የምሠራው። ይህን ያስቀደምኩት ለመመጻደቅ አይደለም፤ ወታደሮቼ ከምን እንደተሠሩ ሳታውቁ ነገሩ ውስጥ ብትገቡ ግራ ትጋባላችሁ ብዬ ነው። ለድድ የሚሆነው ሮዝ ፕላስቲክ ከሥራ ሲተርፈኝ እግረኛ ይወጣዋል፤ ለጥርስ የሚሆነው ነጩ ሲተርፈኝ መኮንን ይወጣዋል። በሰም እቀርጻለሁ፣ በጄሶ ቅርጹን እይዛለሁ፣ አፈሳለሁ፣ እሞርዳለሁ፣ ከዚያ ቀለም እቀባለሁ። የአንዱ ቁመት ከትንሿ ጣቴ አይበልጥም። ጠላቶቼ «የድድ ጦር» ይሉታል። ጠላቶቼ ስል አንድ ሰው ማለቴ ነው።

እሱም ፀጉር አስተካካዩ ነው። እኛ ምላጭ እንለዋለን፣ እሱ ደግሞ እኔን ጥርሴ ይለኛል። ሱቁ ከሥራ ቦታዬ ሁለት በር አልፎ ነው፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በሰላምታ እንተላለፋለን፣ እሁድ ከሰዓት እንዋጋለን። የሚያዋጉን ጋሼ ናቸው። ጋሼ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሰዓት ሲጠግኑ ኖረዋል፤ ጨዋታውን ያስተማሩን፣ ደንቡን ያወጡት፣ ስንጣላ የሚዳኙን እሳቸው ናቸው። የምንዋጋውም ከተዘጋው ሱቃቸው ኋላ ባለችው መኖሪያቸው፣ በገዛ እጃቸው በገነቧት ከተማ ላይ ነው።

ያቺን ከተማ ብታዩዋት እናንተም ትዋጉላት ነበር። ሁለት ሰው በሚያስተኛ ጣውላ ላይ የተዘረጋች ናት። ቤቶቿ ከመድኃኒት ካርቶን፣ መስኮቶቿ ከተሰበረ የሰዓት መስታወት፣ ድልድይዋ ከብረት የሰዓት ማሰሪያ ነው። ወንዟ በቫርኒሽ ላይ ቫርኒሽ እየተደረበ ስለተሠራ ጣት ካልነኩት እርጥብ ይመስላል። ዳቦ ቤት አላት፣ ገበያ አላት፣ ከሁሉ በላይ የሚያይ ግንብ አላት። ጋሼ ዓይናቸው ከመድከሙ በፊት በየዓመቱ አንድ ሰፈር ይጨምሩባት ነበር።

ደንቡ ቀላል ነው። እያንዳንዳችን ስድስት ሰው አለን። በአንድ ዙር ግን አራት ትእዛዝ ብቻ ነው የምንሰጠው። አራቱን ለአራት ሰው ማከፋፈል ይቻላል፣ አራቱንም ለአንድ ሰው መስጠት ይቻላል፣ አንዱን ሰጥቶ ተራን መልቀቅና የቀረውን ኋላ ማውጣትም ይቻላል። ተኳሽ ዳይስ ይጥላል፣ ዒላማው በራቀ ቁጥር ትልቅ ቁጥር ያስፈልገዋል። የተመታ ሰው መጀመሪያ ይወድቃል፤ ወድቆ ሳለ ዳግመኛ ከተመታ ከጨዋታ ይወጣል። የወደቀ ሰው በዙሩ መጀመሪያ ዳይስ ይጣልለትና አራትና ከዚያ በላይ ከመጣ ያለ ትእዛዝ ይነሳል። ገበያው መሐል አንድ ሣጥን አለ፤ ሣጥኑን ተሸክሞ በራሱ በኩል ካለው የጣውላ ጠርዝ ያወጣ ያሸንፋል። ጋሼ ሁልጊዜ የሚሉት ነገር አላቸው፦ «ጥይት ማለቂያ የለውም ልጆቼ፣ የሚያልቀው ትእዛዝ ነው።» እኛም ሁልጊዜ አዎ እንልና ጥይት ወደ መተኮሱ እንመለሳለን።

በዚያ እሁድ ጋሼ ሻይ ቀድተውልን ሲያበቁ፣ «ሐሙስ እሄዳለሁ» አሉ።

ልጃቸው ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። ዓይንዎ ሳይብስ ከእኔ ጋር ይሁኑ እያለች ስትለምናቸው ከርማለች፤ አሁን እሺ ብለዋታል። ክፍሉንም ለአከራይዋ ሊያስረክቡ ነው። «ከተማዋ ልጄ ቤት ቦታ የላትም» አሉ። «ዛሬ ያሸነፈ ይውሰዳት። ሁለታችሁንም እወዳለሁ፣ መምረጥ ግን አልችልም፤ ዳይሱና ጭንቅላታችሁ ይምረጡ።»

ምላጭ ወዲያው የፀጉር ቤቱን ስፋት በልቡ ሲለካ አየሁት። እሱ ካሸነፈ ከተማዋ ወንዶች ተራ የሚጠብቁበት ቤት ትገባለች። እዚያ ቤት አንዴ ቀለም ልዋሰው ገብቼ አውቃለሁ፤ ወሬው ቀጥ አለ፣ አንዱ ከጋዜጣው በላይ አየኝና «ማንን ፈልገሽ ነው እህቴ?» አለኝ። በየእሁዱ እዚያ ገብቼ፣ ፊቱ በሳሙና አረፋ በተሸፈነ ሰው ጎን ቆሜ ስለ ምሽግ ልከራከር አልችልም። ሰው ያልለመደኝ ቦታ ገፍቼ የምገባ ሰው አይደለሁም፤ ምላሴ ቢረዝምም እግሬ ዓይናፋር ነው። ስለዚህ ብሸነፍ የማጣው ከተማዋን ብቻ አይደለም፣ ጨዋታውን ራሱ ነው። ከሳምንቱ ውስጥ የሰው አፍ የማላይበት ደስታዬ ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

ችግሩ እኔ ተሸናፊ ነኝ። ምክንያቱንም ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ሻለቃዋ። ሻለቃዬ ቀይ ካባ የለበሰች፣ ከነጩ ጥርስ የተሠራች፣ ለቅንድቧ ብቻ ባለ ሁለት ፀጉር ብሩሽ የገዛሁላት ሴት ናት። ካባዋን ሁለት ወር ቀብቻለሁ። ጥይት የምትተኩሰው ከሁሉም አብልጣ ነው፤ እኔ ግን ቀለሟ ይጫራል ብዬ ጨዋታው ሲጀመር ከዳቦ ቤቱ ኋላ አቆማትና እስኪያልቅ አላንቀሳቅሳትም። በአምስት ሰው ስድስትን እዋጋለሁ ማለት ነው። ምላጭ በየሳምንቱ፣ «ሻለቃሽ ዛሬም ዳቦው እስኪወጣ እየጠበቀች ነው?» ይለኛል። ቀለም ቀቢ ካልሆናችሁ ይህ ጅልነት አይገባችሁም። ቀለም ቀቢ ከሆናችሁ ደግሞ እናንተም አንድ የደበቃችሁት አለ።

ያን ቀን ግን ሻዬን ይዤ ምላጭን አየሁት። የጋሼን የጠረጴዛ ልብስ የተተረተረ ክር እየነቀለ ነበር። አንዱን ይነቅላል፣ ሌላው ይረዝምበታል፣ እሱንም ይነቅላል። ሲሠራም እንዲሁ ነው። ደንበኛው «ጫፍ ጫፉን ብቻ» ብሎ ይቀመጣል፤ ምላጭ ግራውን ሲያስተካክል ቀኙ ይበልጥበታል፣ ቀኙን ሲያስተካክል ግራው፤ ሰውዬው መላጣ ሆኖ አመስግኖ ይወጣል። የሱ ወታደሮች ሁሉ መላጣ የሆኑት በምክንያት ነው። ይህ ሰው የጀመረውን ሳይጨርስ መተው አይችልም፤ እኔ ስንት ዓመት ስዋጋው ኖሬ አንድ ቀን ተጠቅሜበት አላውቅም። ራሴን በጥፊ ብመታው ደስ ባለኝ።

ጨዋታው ተጀመረ። ምላጭ ሁለት ሰው ግንቡ ላይ አወጣ፣ ከነሱ አንዱ ባለ ረጅም ጠመንጃው ነው። ከግንቡ ሥር በሚያልፈው ጠባብ መንገድ አፍ ላይ ደግሞ ሦስት መላጣ አቆመ። ከገበያው ወደ እኔ ጠርዝ የሚያደርሰው ከጥይት የተከለለ መንገድ ያ ብቻ ነው። ስድስተኛውን ሣጥኑ አጠገብ አደረገ። በእውነት ቆንጆ አሰላለፍ ነበር፤ በሱ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያ ነበር የማደርገው።

የመጀመሪያዋን ትእዛዜን ለሻለቃዋ ሰጠሁ። ከዳቦ ቤቱ አውጥቼ ድልድዩ መሐል ላይ አቆምኳት። ምንም ከለላ የለም፤ ቀይ ካባ ለብሳ፣ ለመላው ከተማ ትታያለች።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ቀለም ደርቋል?» አለ ምላጭ።

«ደርቋል።»

«አሞሻል?»

«ደህና ነኝ። ተራህ ነው።»

«አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች» አለና ባለ ረጅም ጠመንጃውን አዘዘ። ዳይሱ አምስት መጣ። ሻለቃዬ በጎኗ ወደቀች። እኔ ግን ፊቴን ምንም የማያስነብበውን የባለ መድኃኒት ቤት ፊት አደረግኩት። ምላጭ የቀሩትን ትእዛዞቹን በሙሉ እሷ ላይ ተኮሰ፤ ድልድዩ ሩቅ ነውና ሁሉም ሳቱ። እኔ በበኩሌ ገና ቀለም ያላየ እግረኛዬን፣ እርቃኑን ያለውን ሮዝ ድድ፣ በቀስታ ወደ ገበያው አስጠጋሁት። ሌላ ድድም አስከተልኩለት።

በሁለተኛው ዙር መጀመሪያ ዳይስ ጣልኩላት፤ አራት መጣ። ሻለቃዋ ተነሳች። እኔ አልጮህኩም፤ ጉልበቴ ግን ከጠረጴዛው ሥር ብቻውን ይጨፍር ነበር። ምላጭ መታት፣ ወደቀች። «አሁን አበቃላት» ብሎ እንደገና ተኮሰ፣ ሳተ። ሲስት ተናደደ፤ ሲናደድ ደግሞ ከግንቡ ሥር ካሉት ሦስት መላጦች ሁለቱን ወደ ድልድዩ አቀረባቸው፣ ከቅርብ እንዲጨርሷት። እኔ አንገቴን ደፍቼ ሁለቱን ድዶቼን ወደ ሣጥኑ አስጠጋሁና ጠባቂውን መላጣ ጣልኩት። ምላጭ ይህን አየ፤ «ቆይ፣ አንድ ጊዜ፣ ይቺን ልጨርስ» አለ። ደንበኛውን የሚያናግር ነበር የሚመስለው።

ሦስተኛው ዙር ሲመጣ ሻለቃዋ እንደገና ተነሳች። ስድስት ነው የመጣላት፤ ለወደቀው የሣጥን ጠባቂ ግን ሁለት መጣለት። ጋሼ ሳላቸው ያዛቸው፤ ሳል ይሁን ሳቅ ግን እኔ አውቃለሁ። ምላጭ መንገዱን የሚጠብቀውን የመጨረሻውን መላጣ አነሳና እሱንም ወደ ድልድዩ ላከው። ጠባቧ መንገድ ባዶዋን ቀረች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ፀጉር አስተካካይም ሊጨመርበት ይገባል። እኔ አራቱንም ትእዛዜን ለአንድ ድድ ሰጠሁት። ሣጥኑን አነሳ፣ ሮጠ፣ ሮጠ፣ ከመንገዱ አፍ አንድ እርምጃ ቀርቶት ቆመ። ያለበት ቦታ ከግንቡ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ምላጭ ያኔ ነው የነቃው። ሣጥኑን አየ። ድዱን አየ። ባለ ረጅም ጠመንጃውን ወደዚያ ቢያዞር ድዴን ሊጥለው ይችላል፤ ቢጥለው ደግሞ ሣጥኑ የሱ ነው። ሻለቃዋ ድልድዩ ላይ ቆማለች፣ ሦስት መላጣ ከቧታል። ዓይኑ ከድዱ ወደ ሻለቃዋ፣ ከሻለቃዋ ወደ ድዱ ተመላለሰ።

«አውቄብሻለሁ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። እዚህ ያቆምሻት እንድጨርሳት ነው።»

«ታዲያ አትጨርሳት።»

ግንባሩ ላብ አወጣ። እጁን ወደ ግንቡ ዘረጋ፣ መለሰው። «ሦስት ዙር ሙሉ» አለ ለራሱ፣ «ሦስት ዙር ሙሉ አንዲትን ሴት…» ከዚያ የቀሩትን ሦስቱንም ትእዛዝ ሻለቃዋ ላይ አፈሰሰ። የመጀመሪያው ጣላት። ሁለተኛው ሳተ። በሦስተኛው ስድስት መጣ፣ ሞተች። ምላጭ ወንበሩ ላይ ተደገፈና በረጅሙ ተነፈሰ፤ ያን ያህል የረካ ፊት አይቼ አላውቅም።

አንስቼ ኪሴ ከተትኳት፣ አላየኋትም። ባያት አለቅስ ነበር። በአራተኛው ዙር ድዴ ጠባቧን መንገድ ይዞ በረረ። በጠርዙ ላይ ክርክር ተነሳ፣ መነሳቱም አይቀርም፤ ምላጭ ግማሽ ሴንቲ ይቀረዋል አለ፣ እኔ አልፏል አልኩ። ጋሼ የሰዓት ማያ ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው፣ ማስመሪያውን ይዘው ጎንበስ አሉና ብዙ ቆዩ። «ወጥቷል» አሉ።

ያን ጊዜ ስለሆንኩት ነገር በዝርዝር አልናገርም። ወንበር ላይ ወጥቼ ነበር። የጋሼን ግንባር ስሜአለሁ፣ የምላጭንም ጭምር። ከጥርስ ሠሪ የማይጠበቅ ዘፈን ዘፍኛለሁ። ምላጭም አላኮረፈም፤ «ቢያንስ ጨርሻታለሁ» እያለ ይስቅ ነበር። ተሸንፎ የሚስቅ ሰው ደግ ነው፤ ይህን ፊት ለፊት ግን አልነገርኩትም።

«በሉ እንግዲህ ውሰዷት» አሉ ጋሼ።

እኔ በአንድ ወገን፣ ምላጭ በሌላው ሆነን ከተማዋን አነሳን። ወደ በሩ ሄድን። ቆምን። በጎን ሞከርን፤ ግንቡ ከላይ መታ። በአግድም ሞከርን፤ ገበያው በስተግራ፣ ዳቦ ቤቱ በስተቀኝ መቃኑን ያዙት። መስኮቱ ብረት አለው። መልሰን አስቀመጥናትና ተያየን። ለግማሽ ሴንቲ ስንት እሁድ ተኳርፈን የተለያየን ሰዎች ነን፤ ከሦስታችን አንዳችንም በሩን ለክተን አናውቅም። ጋሼ ከተማዋን ቤት ውስጥ ሆነው፣ ሰፈር በሰፈር ሲያሰፉ አንድ ቀን እንደምትወጣ አስበው አያውቁም ነበር።

ጋሼ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ፤ የኔም ጠፋ። ያሸነፍኩትን ማግኘት የምችለው በመቁረጥ ብቻ መሆኑ ገባኝ። የሳቸውን የስንት ዓመት ሥራ ለመቁረጥ ደግሞ ምን አንጀት ይኑረኝ? አንዲት ሻለቃ ለማጋለጥ እንኳ ስንት ዓመት ነው የፈጀብኝ።

«ይቅር ጋሼ» አልኩ። «እዚሁ ትቅር።»

«ማን ዘንድ? አከራይዋ ምድጃ ላይ ነው የምታነዳት።» ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ደነገጥኩ፣ ለካ እየሳቁ ነው። «በሩን!» አሉ። «እንዴት ሰው በሩን አይለካም! ሰዓት ሠሪ ነኝ እላለሁ ደግሞ።» እንባቸውን ጠረጉ። «ከተማ ሆኖ ያልተከፈለ የት አለ? ቀጭኗን መጋዝ አምጡልኝ።»

የት ላይ ትቆረጥ በሚለው እኔና ምላጭ ከጦርነቱ የበለጠ ተዋጋን። ጋሼ አልሰሙንም። ዋናውን መንገድ ተከትለው፣ አንድም ቤት ሳይነኩ፣ እየሳሉም እየሳቁም ቆረጡ። ምላጭ የአንገት ብሩሹን ከኪሱ አውጥቶ የመጋዙን ብናኝ ከየጣሪያው ላይ ጠረገላቸው። እንደ ደንበኛ ነበር የሚያስተናግዳት።

ከዚያ ወደ እኔ ቤት ጉዞ ሆነ። እኔና ምላጭ አንዱን ግማሽ በሌላው ግማሽ ላይ እንዳንደርብ ግንቡ ስለከለከለን ሁለቴ ተመላለስን፤ ጋሼ ሁለቱንም ጊዜ ከፊት ከፊት እየሄዱ፣ በዱላቸው መኪና ያስቆሙ ነበር። ሰው በየበረንዳው ወጣ። አንዱ «የሚከራይ ክፍል አለ?» ሲል ጠየቀ፤ ጋሼ «ከወንዙ ማዶ አንድ አለ፣ ጣሪያው ግን ካርቶን ነው» ብለው ሳይቆሙ መለሱለት። ከፈገግታዬ ብዛት ጉንጬን አሞኝ ነበር።

ታናሽ እህቴ በሩን ከፍታ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ከተማዋን አየች።

«ምንድን ነው?»

«ድል ነው» አልኳት።

«ድሉ የት ነው የሚተኛው?»

ጠረጴዛችን ስለማይበቃ የኔንና የሷን አልጋ አጋጥመን ሁለቱን ግማሽ አስቀመጥንባቸው። «እኔስ የት ልተኛ?» ስትል ጋሼ በትሕትና፣ «ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ልጄ፣ ፀጥ ያለ ነው፣ ሻለቃ የነበረችበት ቤት ነው» አሏት። መጨረሻ ላይ እሷም ሳቀች፣ ሻይም አፈላችልን።

የሷ አልጋ ከኔ ከፍ ይላል። ስለዚህ ዋናው መንገድ አልገጠመም፤ ግማሹ ከተማ ጣት በሚያህል ከሌላው ግማሽ ከፍ ይላል፣ መሐሉም ተከፍቶ ይታያል። በካርቶን እንደግፈው ብዬ ስነሳ ጋሼ እጄን ያዙኝ።

«ተዪው። ይሄ ገደል ነው።» ማስመሪያውን ከኪሳቸው አወጡ። «ከታች ወደ ላይ ለመውጣት ሁለት ትእዛዝ። ከላይ ወደ ታች መዝለል ይቻላል፣ ዳይስ ይጣላል፣ አንድ ከመጣ…»

«ከአልጋው ሥር ይወድቃል» አለ ምላጭ።

«ይወድቅና ከጨዋታ ይወጣል?» አልኩ።

«አይወጣም። ከሥር ዞሮ እንዲመጣ ዕድል ይሰጠው» አሉ ጋሼ።

«ከአልጋ ሥር ሲዞር ስንት ዙር ይፍጅ?» አልኩ እኔ።

ሦስታችንም ወለሉ ላይ ተንበርክከን ተከራከርን። ሻዩ ቀዘቀዘ። ጋሼ ጉልበታቸውን ረስተው ከአልጋው ሥር በማስመሪያ ሲለኩ፣ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ «አሁን እንዲህ በአፍ አያልቅም። እሁድ እንሞክረዋለን» አሉ።

እህቴ እንኳ ሲኒ መሰብሰቧን ተወች። የምፈልገው ከተማዋን ነው ብዬ ነበር፤ ከተማዋ አልጋዬ ላይ ተቀምጣ ሳለ ግን የምፈልገው ሌላ ነገር መሆኑ ገባኝ። ጋሼ ራሳቸው ያሉትን ሰሙት፤ ሐሙስ የሚሄድ ሰው ነው ስለ እሁድ ያወራው። ቀስ ብለው ከአልጋው ሥር ወጡ፣ ወለሉ ላይ እንደተቀመጡ ገደሉን አዩት፣ ማስመሪያውን አዩት። ከዚያ ስልካቸውን አወጡና ለምላጭ ሰጡት፤ «የልጄን ቁጥር አውጣልኝ፣ አይታየኝም» አሉ።

ልጃቸው አነሳች።

«ልጄ» አሉ፣ «ሐሙስ መጣሁ፣ እንዳልኩሽ ነው፤ አትስጊ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ከእናንተ ዘንድ እሁድ ጠዋት ወደዚህ የሚመጣ አውቶቡስ አለ?» አዳመጡ። «የመጀመሪያው ከሰዓት በፊት ይደርሳል? እሺ፣ የመጀመሪያው።» ምን እንዳለቻቸው እንጃ፣ ሳቁ። «ምን ላድርግ ልጄ፣ ሁለት ሰው ገደል አፋፍ ላይ ትቼ ነው የምመጣው።»

ስልኩን ዘጉና ማስመሪያውን ለእኔ አቀበሉኝ። አልጋው ሥር ገብቼ ካቆሙበት መለካት ቀጠልኩ።